ልታይ ባይ መቀስ

ወረታ ከተማ ውስጥ የሠርግ፣ የምርቃትና የክርስትና አልበም አዘጋጃለሁ። ትውልዴ ይፋግ ነው። ሥራዬን ያየ ሰው አስፋልት ዳር ሲያገኘኝ «ሰው ከፎቶ የምታወጣው አንተ አይደለህ?» ይለኛል። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ «ነኝ» እላለሁ። የወጣው ሰው ምን ሆኖ እንደወጣ የሚጠይቀኝ ስለሌለ እስካሁን ተከብሬ ኖሬያለሁ። የንስሐ አባቴ ፎቶሾፕ አያውቁም፤ ቢያውቁ ኖሮ ቀኖናዬ እስከ ፍልሰታም ባላለቀ። ስለዚህ ኑዛዜዬን ለእናንተ አደርጋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ሙሽራው ጓያ ማሳ መሃል የተነሣው ፎቶ አለ እንበል። ፎቶው ላይ ነጭ ፍሬም ይሠራል። ማሳውና ሰማዩ በፍሬሙ ልክ ይቆረጣሉ፤ ሙሽራው ግን አይቆረጥም። ወደ ፊት የሰነዘረው እግሩ የታችኛውን ጠርዝ ተሻግሮ ባዶው ገጽ ላይ ያርፋል። አልበሙን የገለጠ ሰው ሙሽራው ከፎቶው ወጥቶ ወደሱ የሚመጣ ይመስለዋል። በውጭ አገር በኮምፒዩተር የትዝታ አልበም የሚሠሩ ሰዎች አብዝተው ይወዱታል፤ እኛ ዘንድ የሚታየው በሠርግ አልበምና በምርቃት ባነር ላይ ነው።

አሠራሩ ለሰነፍ ካልሆነ ከባድ አይደለም። ፎቶው አንዱ በሌላው ላይ የተነጠፈ ሁለት ሌየር ሆኖ ይባዛል። የታችኛው በፍሬሙ ልክ ይቆረጣል። በላይኛው ላይ ሙሽራው ብቻ ዙሪያውን በፔን ቱል ይለቀምና የቀረው በማስክ ይሸፈናል። ማስክ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ ነገ «ጣቱ ጎድሏል» ከተባለ ማስኩን በነጭ ብሩሽ ነካ ሲያደርጉት ጣቱ ይመለሳል። እኔ ግን ስንት ዘመን በላጲስ ሠራሁ። ላጲስ ያጠፋውን፣ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ፣ የሚመልስ የለም። ጣታቸው የጎደለ ሚዜዎች በዚህ አካባቢ በየቤቱ አልበም ውስጥ አሉ። በአካል ሁሉም ሙሉ ናቸው፤ ያጎደልኳቸው እኔ ነኝ።

ፎቶሾፕን የሠሩት ቶማስና ጆን ኖል የሚባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው፤ የመጀመሪያው ዕትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ሌየር የተጨመረበት ደግሞ በ1994፣ በሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት አንዴ የለጠፉት ነገር ሥሩ ካለው ጋር ተዋሕዶ ይቀር ነበር። እንግዲህ ሰዎቹ ለእኔ ዓይነቱ መድኃኒት ካበጁ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጥኩት፤ ተቀምጬም የሠራሁት መድኃኒቱ ገና እንዳልተገኘ ሆኜ ነው። የእኔ ፎቶሾፕ በየት በኩል እንደመጣ አትጠይቁኝ። በፍላሽ ነው የመጣው። ይህ ለብቻው የሚነገር ኃጢአት ነው፤ ለዛሬ ይቆየን።

ከስግብግብነቴ ልጀምር። ይህ ዘዴ የሚያምረው አንድ ነገር ብቻ ሲወጣ ነው፤ አንድ እግር፣ አንድ ክንድ፣ የተወረወረ አበባ። እኔ ደግሞ ማቆም አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ሲያገባ ሙሽራውን አወጣሁ። እሱን ብቻ ባወጣ ሙሽሪት ቅር ይላታል ብዬ እሷንም አወጣሁ። ሚዜዎቹ ወዳጆቼ ናቸው፤ ወጡ። ጃንጥላ ያዡ ልጅ ጃንጥላው ደስ አለኝ፤ ወጣ። ጨርሼ ሳየው ፍሬሙ ውስጥ የቀረው አንድ ግራር፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢና ዛፉ ሥር የቆመች ማንነቷን ልብ ያላልኳት ሴት ናት። አልበሙን ይፋግ ወስጄ ለአክስቴ ገለጥኩላት። መነጽሯን አስተካክላ ብዙ አየች።

«አንተ ልጅ፣ ሁሉም ከወጣ ቤቱን ማን ጠበቀ?»

«እትዬ፣ ዘመናዊ አሠራር እኮ ነው።»

«እሱስ ይሁን። ታዲያ እኔን ብቻ ለምን ከዛፉ ጋር ትተኸኝ ወጣችሁ?»

ለካ ሴትዮዋ እሷ ኖራለች። የልጇ ሠርግ ላይ!

የሚወጣ እግር ባላገኝ እንኳ አርፌ አልቀመጥም። ሥራው በወጉ የሚጀምረው ካሜራው ዘንድ ነው። ፎቶ አንሺው ዝቅ ብሎ፣ ሰፊ ሌንስ ይዞ፣ ሰውየው አንድ እግሩን ወደ ሌንሱ ሲሰነዝር ማንሣት አለበት፤ ያኔ እግሩ ቀድሞውንም ሊወጣ የተዘጋጀ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እጁን ሆዱ ላይ ያጣመረ፣ ጉልበቱ ላይ የተቆረጠ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ፍሬሙ ውስጥ ሊተው ይገባል። እኔ ግን ለአንዱ ሙሽራ ከሚዜው እግር ተበደርኩለት። ሚዜው ረጅም ነበር። ሙሽራው እስከዛሬ የግራ እግሩ ከቀኙ እንዴት እንደበለጠ አልተገለጠለትም፤ ሚዜው ግን ጫማውን ለይቶ አውቆታል።

ከሁሉ የሚብሰው ነጠላ ላይ የምፈጽመው በደል ነው። ከዩቲዩብ የለቃቀምኩት ትምህርት ጂንስና የቆዳ ጃኬት ለለበሰ ሰው የተዘጋጀ ነው። የጂንስ ጠርዝ እዚህ ጀምሮ እዚህ ያበቃል። ነጠላ ግን ስስ ነው፤ ከበስተጀርባው ያለውን ያሳልፋል። ጥር ላይ እኛ አገር ሩዙ ታጭዶ አልቆ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት የተዘራው ጓያ ሜዳውን አረንጓዴ ያለብሰዋል። ሙሽሪት እዚያ ቆማ ስትነሣ ነጠላዋ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጓያ ነው። ለቅሜ አውጥቼ ነጩ ገጽ ላይ ሳቆማት ጓያውም አብሯት ይወጣል። ትከሻዋ ላይ ሻጋታ የወጣበት ጨርቅ የጣለች ትመስላለች። መፍትሔው አይጠፋኝም። ማስኩ ላይ፣ ነጠላው ባለበት ቦታ፣ ጥቁርም ነጭም ያልሆነ ግራጫ ይቀባል፤ ያኔ ጨርቁ በከፊል ያሳልፋል። ከዚያ አረንጓዴው ቀለም ብቻ ተመርጦ ይደበዝዛል። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥቴን የማውቀው ቀሪ ክፍያ ስጠብቅ ነው።

ዘርፉ ደግሞ አለ። ከጥለቱ በታች የተንጠለጠለው ክር አንድ በአንድ መለቀም አለበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፈሰስኩ እንጂ አልለቀምኩም። ዘርፉን ከነቋጠሮው ቆርጬ ጠርዙን ልሙጥ አደረግኩት። የሙሽሪት እናት ገጹን በጣቷ ተከትላ እስከ ታች ወረደችና «ይሄን ነጠላ ማነው የከረከመብኝ?» አለች። ራሷ ቁጭ ብላ የቋጨችው ነበር። «እትዬ፣ ማተሚያ ቤት ነው» አልኳት። ማተሚያ ቤቱ ምንም አላደረገም። ውሸቴን ነው።

ፀጉር ላይም እንዲሁ ነኝ። ሹሩባ ደህና ነው፤ ጠርዝ አለው፤ ይለቀማል። ጎፈሬ ግን ጫፉ አየር ነው። እኔ ዙሪያውን እያጠጋጋሁ ስወስደው፣ ፀጉር አስተካካይ የተከፈለበትን ሥራ በነጻ እደግመዋለሁ።

ነጩን ፍሬም ደግሞ ስሙት። ፈረንጆቹ ፍሬሙን ነጭ የሚያደርጉት ሰማያዊ ሱሪ የለበሰው ሰው ሲሻገረው መሻገሩ እንዲታይ ነው። እኔም እንደወረደ ገለበጥኩት። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ፍሬም፣ ነጭ ገጽ! ሙሽሪት ትውጣ አትውጣ ማን ይለያል? መብራት እየጠፋ እየመጣ፣ ሴቭ ያላደረግኩትን እየደገምኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያወጣኋትን ሙሽራ ከእኔ በቀር መውጣቷን ያወቀ የለም። ፍሬሙን የጥለቱን ቀለም ማልበስ ይበቃ ነበር። ጥለቱ ዓይኔ ሥር ነበር።

ጥላንም በድያለሁ። ይፋግ ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመንና ከዚያም በኋላ የበጌምድር ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ነጋዴ አሞሌውንና ሸማውን ጭኖ ሲመጣ ቀረጥ የሚከፍልባት ኬላም ነበረች። ዛሬ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን የሚከንፈው ሚኒባስ ቀና ብሎም አያያትም። የኬላ ልጅ እንደመሆኔ ከፍሬም የሚወጣም ቀረጥ እንዳለበት ሊገባኝ ይገባ ነበር። ቀረጡ ጥላ ነው። ገጹ ላይ ያረፈ እግር ከሥሩ ጥላ ካልጣለ አየር ላይ ነው። ጥላው ፎቶው ውስጥ ካለው ጥላ ጋር በአንድ አቅጣጫ መውደቅ፣ ጫማው ሥር ጠቆር ብሎ እየራቀ ሲሄድ መሳሳት አለበት። የእኔ ሙሽሮች ግን ኮንትሮባንድ ናቸው። ስከፍልም በሐሰተኛ ደረሰኝ ነው፤ ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠውን ድሮፕ ሻዶው ተጭኜ አልፋለሁ። እሱ ሰውየውን ከእግሩ እስከ ራሱ በእኩል ጥላ ይከበዋል፤ ሰውየው መሬት ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ የቆመ ይሆናል። አንድ ገጽ አለኝ፤ ፀሐይ ለሙሽራው ከግራ፣ ለሙሽሪት ከቀኝ፣ ለሚዜው ከእግሩ ሥር የወጣችበት።

የጓያው ማሳ ሲሰለቸኝ ደግሞ የተዘጋጀ የፎቶሾፕ ፋይል ከፍቼ፣ ወረታ ያገባችውን ልጅ ከፓሪስ ማማ ሥር አውጥቼ አውቃለሁ። ባሏን ረስቼዋለሁ፤ እሱ ከጓያው ጋር ቀርቷል።

ስለ በሬው ካልተናገርኩ ኑዛዜዬ ጎዶሎ ነው። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ፎገራ ሜዳችን ላይ ውሃ ይተኛል፤ የፎገራ ከብት ያን ረግረግ የለመደ ዘር ነው፤ ላሚቱ በወተቷ፣ በሬው በጉልበቱ ይታወቃል። አንድ ሽማግሌ መጡና ልጃቸው በስልክ ያነሣውን የበሬያቸውን ፎቶ ሰጡኝ። በሬው አርጅቷል፤ ሊሸጥ ነው። «ልጄ፣ እንዳለ አሳጥብልኝ፤ ግድግዳ ላይ ልስቀለው» አሉ። እንዳለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ነውና፣ እኔ የበሬውን አፍንጫና አንድ ቀንድ ከፍሬሙ ላወጣ ተነሣሁ። ፍሬሙን ለማጋደም የተጠቀምኩበት ፐርስፔክቲቭ የተሳሳተው ሌየር ላይ አረፈ፤ ጭንቅላቱ ሲያብጥ ሻኛውና ጀርባው ሟሸሸ። ልብ ሳልል አሳተምኩት።

ሽማግሌው ተቀብለው በእጃቸው ርዝመት ያህል አራቁት።

«በሬዬን ምን አከሳብኝ?»

«አባባ፣ ከፍሬሙ ወጥቶልዎት እኮ ነው።»

«ከወጣማ ግባ በለው! የሰው ማሳ ሊበላብኝ ነው?»

እንዳለ አሳተምኩላቸው። እሳቸውም እንዳለ ከፈሉኝ፤ የመጀመሪያውን ለምን እንዳበላሸሁባቸው ሳይጠይቁ። አፈርኩ፤ ብዙም አልቆየብኝም።

ማተሚያ ቤት አልበሙን ከጠረዘ በኋላ ዳር ዳሩን ይከረክመዋል። ስለዚህ ዋናው ነገር ከጠርዙ ራቅ ማለት አለበት፤ ዳራው ደግሞ ከመቁረጫው መስመር አልፎ መሄድ አለበት። ይህን ነግረውኛል፤ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ፤ እግር ይበልጥ የሚያስደንቀው ገጹ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው ብዬ ወሰድኩት። ከፍሬሙ በስንት ጭንቅ ያወጣሁትን ጫማ ማሽኑ ከገጹም አወጣው። ገጹ የሚታጠፍበት መሃል ላይ ደግሞ የአንዷን ሙሽራ አፍንጫ አሳርፌ አውቃለሁ፤ አልበሙ ሲዘጋ የምታነጥስ ትመስላለች።

አንድ ስፔናዊ ሠዓሊ አለ፤ ፔሬ ቦሬል ዴል ካሶ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1874 የሣለው «ከትችት ማምለጥ» የሚባለው ሥዕሉ፣ ባዶ እግሩን የሆነ ልጅ ፍሬሙን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አንድ እግሩን ጠርዙ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሊወጣ ሲል ያሳያል። ፍሬሙም ራሱ የተሣለ ነው። ያ ሰው ማስክም ሌየርም አልነበረው። ስልኬ ላይ አጉልቼ ሳየው ያስቀናኝ፣ ልጁ ገና አለመውጣቱ ነው። ሊወጣ ነው። እጆቹ ፍሬሙን ስለጨበጡት ፍሬሙ እንጨት መሆኑን ዓይን ያምናል። የእኔ ሙሽሮች ፍሬማቸውን አይነኩትም፤ ደግሞ ሁሉም ወጥተው ስላለቁ የሚጠበቅ ነገር የለም።

ሩቅ ምን አስኬደኝ? ብራና ላይ በተሣሉ የእኛ ሥዕሎችም የመልአክ ክንፍ ወይም የጦር ጫፍ ከዙሪያው መስመር አለፍ ብሎ አይቻለሁ። ሠዓሊው ያሳለፈው ክንፉን ነው፤ ፊቱን ውስጥ ትቶታል። ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ያነሧቸው ነገሥታትም ፍሬማቸው ውስጥ ረግተው ተቀምጠዋል። የምኒልክን እግር ወደ ውጭ የጎተተ የለም፤ ሰው ግን ዛሬም ቆሞ ያያቸዋል።

እንግዲህ የጥፋቴ ሥር ይኸው። አንድ ጊዜ የሙሽራ እናት ልጃቸው አንድ እግሩን ያወጣበትን ገጽ ከፍተው፣ «እሰይ! ይሄን እንዴት አድርገህ ሠራኸው?» አሉኝ። በደስታ ማብራራት ጀመርኩ፤ ሌየሩን፣ ማስኩን፣ ጥላውን። እሳቸውም ጫማውን እያዩ፣ እኔም ጫማውን እያሳየሁ፣ ገጹ ተገለጠ። የልጃቸውን ፊት አላዩትም። ልጁ በዚያ ፎቶ ላይ እንባው በዓይኑ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ስለቅመው ሳለሁ አይቼዋለሁ። ይህን ሳልነግራቸው ሄድኩ፤ ሥራዬ ስለተደነቀልኝ ያን ቀን ምሳም አላማረኝም።

ልታይ ባይ ነኝ። ሰው አልበሙን ገልጦ ዘመዱን ከማየቱ በፊት የእኔን መቀስ እንዲያይ እፈልጋለሁ። ላጲሱን ትቼ በማስክ መሥራት ለምጃለሁ፤ ዘርፉንም፣ ሰው አጠገቤ ከቆመ፣ እለቅማለሁ። ይኼኛው አመል ግን አልለቀቀኝም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ የአንድ ተመራቂ ቆብ ከፍሬሙ በላይ ተንሳፎ ስክሪኔ ላይ ይጠብቀኛል። ቆቡ ጥሩ ወጥቷል፤ ልጁ የቱ ጋ እንዳለ ግን ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ጥር ሳይገባ የምለምናችሁ አለኝ። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩልኝ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩልኝ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ይጨመቃል፤ ጠርዙ ይሟሟል፤ ያኔ ጥፋቴን የማሳብብበት አገኛለሁ። «ላውጣችሁ?» ብዬ ስጠይቅም «ምናችንን? ለምን?» በሉኝ። መልስ ካጣሁ ፍሬሙ ውስጥ ተዉኝና ሂሳቡን ቀንሱ።